ነፃ መስመር ኩባንያ ሲቀይር መውጫው ስንት ነው?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ከዜናው ጋር አብረው በየቤቱ የገቡ፣ ስለ በሽታው የሚደወልባቸው ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፦ 8335 እና 952። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ሳይታክቱ ደጋገሟቸው፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጠፉ። እዚህ በወላይታዋ አረካም ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንቶች ሳይቀሩ በቃላቸው ያዟቸው። ለመደወል ካርድ መሙላት አያስፈልግም ነበር። እንዲህ ያለውን ቁጥር ነፃ መስመር እንለዋለን።

ይህ ማብራሪያ ስለ ነፃ መስመሮች ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ጥያቄ ይዟል። ነፃ መስመር ያለው ድርጅት የስልክ ኩባንያውን መቀየር ቢፈልግ ቁጥሩን ይዞ መውጣት ይችላል ወይ? ከቻለስ ለመውጣቱ ሊከፍል ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለመረዳት ግን መጀመሪያ የነፃ መስመርን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የተደወለለት ይከፍላል

በተለመደው ጥሪ ሂሳቡ የሚቆረጠው ከደዋዩ ነው። በነፃ መስመር ይህ ይገለበጣል። ደዋዩ ምንም አይቆረጥበትም፤ የእያንዳንዱን ደቂቃ ዋጋ የሚከፍለው ቁጥሩን የያዘው ተቋም ነው። ተቋሙ ይህን የሚያደርገው ሰው ስለ ሂሳቡ ሳይጨነቅ እንዲደውልለት ስለሚፈልግ ነው።

አሠራሩን በስፋት ያስጀመረው የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1967 ነው። በ800 የሚጀምሩት ቁጥሮች የመጡት ያኔ ነው። እንግሊዝ በ0800 የሚጀምሩትን በ1985 (እ.ኤ.አ.) አስከተለች። እዚያ ግን ከሞባይል ወደ 0800 የሚደውል ሰው ለረጅም ጊዜ ይቆረጥበት ነበር፤ ከሞባይልም ነፃ የሆነው ከሐምሌ 1 ቀን 2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በደንብ ካስገደደ በኋላ ነው። «ነፃ» የሚባለው ነገር በማሽኑ ውስጥ እንደሌለና ሰው በሚያወጣው ደንብ እንደሚመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ለገጠሩ ሰው ቅርብ የሆነው 8028 ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የገበሬዎች መስመር ነው። ገበሬው 8028 ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ቋንቋ እንዲመርጥ ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎ ስለየትኛው ሰብል፣ ስለየትኛው ሥራ ማወቅ እንደሚፈልግ ቁጥር እየተጫነ ይመርጣል። ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ መጠን ምክሩን ሰምቶ ይዘጋል። ሳንቲም አልወጣበትም። የልማት ሠራተኛው በማይደርስበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ያገለግለዋል። ከብዙ አገልግሎቶች ይልቅ ይህን የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ ማንበብ አያስፈልግም፣ ስማርት ስልክ አያስፈልግም፣ አራት ቁጥር ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

የዚህ ሁሉ መግቢያ በር እንግዲህ አራቱ ቁጥሮች ናቸው። እነሱ ከተለወጡ አገልግሎቱ እንዳለ ቢኖርም ገበሬው አያገኘውም።

ቁጥሩ የሚኖረው የት ነው?

ብዙ ሰው የስልክ ቁጥር ከሽቦው ወይም ከሲም ካርዱ ጋር የተበየደ ይመስለዋል። ነፃ መስመር ግን እንደዚያ አይደለም። በ800 እንደሚጀምሩት ያለ ረጅም ነፃ ቁጥር ሲደወል የስልክ ኩባንያው ማሽን መጀመሪያ ወደ አንድ መዝገብ ሄዶ «ይህ ቁጥር የማን ነው? ጥሪውን ወዴት ልላከው?» ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ «በእገሌ ኩባንያ መረብ፣ እዚህኛው እውነተኛ መስመር ላይ ላከው» ይለዋል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

ስለዚህ ነፃ ቁጥርን ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ማዘዋወር ማለት በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ማረም ነው። የሚቆፈር መሬት የለም፤ የሚተከል ምሰሶ የለም። ሥራ የለውም አልልም። ጠያቂው በእርግጥ የቁጥሩ ባለቤት መሆኑን የሚያጣራ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ መዝገቡን የሚያስተዳድረውም አካል ወጪ አለበት። ይህ ግን አነስተኛ የቢሮ ሥራ ነው።

እንደ 8028 ያሉት አጫጭር ቁጥሮች ትንሽ ይለያሉ። አጭር ቁጥር በእያንዳንዱ ኩባንያ መረብ ላይ ለየብቻው መከፈት አለበት። አንዱ መረብ ላይ ስለተከፈተ ብቻ ከሌላው ኩባንያ ሲም ይሠራል ማለት አይደለም፤ ኩባንያዎቹ መረባቸውን ማገናኘትና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን መስማማት አለባቸው። በተራ ጥሪ የደዋዩ ኩባንያ ለተቀባዩ ኩባንያ ይከፍላል። በነፃ መስመር ግን ከደዋዩ የሚሰበሰብ ገንዘብ ስለሌለ አቅጣጫው ይዞራል።

991፣ 907፣ 939 የመሳሰሉትን የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ቁጥሮች እዚህ አላነሳም። ኩባንያዎች ለራሳቸው ደንበኞች የሚጠቀሙባቸውን እንደ 994 እና 700 ያሉትንም እንደዚሁ፤ እነዚህ የኩባንያዎቹ የራሳቸው በሮች ናቸው።

ክፍያው በብዙ ስም ይመጣል

«ለመውጣት ይህን ያህል ትከፍላላችሁ» ብሎ በግልጽ የሚጽፍ ውል በዓለም ዙሪያ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ክፍያው ስሙን ለውጦ ነው የሚመጣው። «የአስተዳደር ወጪ» ይባላል። «የቀሪ ወራት ኪራይ» ይባላል፤ የሦስት ዓመት ውል ከተፈረመና በሁለተኛው ዓመት መውጣት ከተፈለገ የሦስተኛው ዓመት ሂሳብ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘብ ሳይጠራ በጊዜ ያስከፍላሉ፤ ማመልከቻው ፊርማው አልተመሳሰለም፣ የድርጅቱ ስም በመዝገቡ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል እየተባለ ይመላለሳል።

ከሁሉም የከፋው ቁጥሩ በደንበኛው ስም አለመመዝገቡ ነው። ደንበኛው አገልግሎቱን የገዛው ከደላላ ድርጅት ከሆነ ደላላው ቁጥሩን በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ደንበኛው ለዓመታት ከፍሎ፣ ቁጥሩን በማስታወቂያ አስተዋውቆ፣ መጨረሻ ላይ «ቁጥሩ የእኛ ነው» ይባላል። በአሜሪካ ዛሬም ነፃ ቁጥር ይዞ ለሚወጣ ደንበኛ የመውጫ ክፍያ በውላቸው የሚያስቀምጡ አነስተኛ የኢንተርኔት ስልክ ድርጅቶች አሉ። እዚያ ሱቅ፣ የጉዞ ወኪል ወይም የሂሳብ ሥራ ቢሮ ያላቸው ወገኖቻችን በ800 ወይም በ888 የሚጀምር ቁጥር ሲገዙ ይህን አንቀጽ ፈልገው እንዲያነቡ እመክራለሁ።

በመምህርነት ሙያ የሠራ ሰው ነገሩን በክሊራንስ ሊረዳው ይችላል። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ የሚዛወር መምህር መጽሐፍ ካልመለሰ መጽሐፉን ይጠየቃል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ «የአሥር ዓመት የሥራ ልምድህን የምጽፍልህ ይህን ያህል ስትከፍል ነው» ቢለው ማንም አይቀበለውም። ልምዱን ያፈራው መምህሩ ነውና። የነፃ መስመርም ዋጋ እንደዚሁ ነው። 8335ን ያስከበረው የስልኩ ማሽን አይደለም፤ ሲደወል ቶሎ የሚያነሳና ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ቁጥሩን የደጋገመ ጋዜጠኛ፣ ለጎረቤቱ የነገረ ሰው ነው። ኩባንያው ለደቂቃዎቹ በየወሩ ተከፍሎታል። ለስሙ ሊከፈለው አይገባም።

ያልተከፈለው ክፍያ የሚያደርሰው ጉዳት

አሁን በሰሌዳ ላይ እናስላ። ቁጥሮቹ ለመማሪያ የወሰድኳቸው ናቸው።

የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ምርምሩ የታወቀ ነው። ማዕከሉ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ገበሬው የሚጠይቅበት ነፃ መስመር ከፈተ እንበል። ከቦሎሶ ሶሬም፣ ከዳሞት ጋሌም የሚደውለው እየበዛ ሄዶ በወር 6,000 ብር ይከፍላል። ሌላ ኩባንያ መጥቶ ያንኑ አገልግሎት በ4,500 ብር ልስጥ አለ። በወር 1,500 ብር ይተርፋል። ነባሩ ኩባንያ ግን ቁጥሩን ለመልቀቅ 18,000 ብር ጠየቀ። 18,000 ለ1,500 ሲካፈል 12 ይመጣል። ማዕከሉ ከመቀየሩ የሚጠቀመው ከአንድ ዓመት በኋላ ብቻ ነው ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ከዚያ በፊት ይዘጋል። የፋይናንስ ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ «ባለበት ይቀጥል» ይላል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ የምል ይመስለኛል።

አሁን ልብ በሉ። 18,000 ብሩን ማንም አልከፈለም። በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ ኦዲተርም አያገኘውም። ሥራውን ግን ሠርቷል። ማዕከሉ በየወሩ 1,500 ብር ትርፍ ይከፍላል፤ በሦስት ዓመት 54,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ለሁለተኛ ስልክ አንሺ ደመወዝ ማገዣ ወይም ከበሽታ ነፃ ለሆነ የእንሰት ችግኝ ይውል ነበር።

ሌላም ጉዳት አለ። ነባሩ ኩባንያ ደንበኛው መውጣት እንደማይችል ካወቀ ዋጋ የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። መስመሩ ቢቆራረጥም ለመጠገን አይቸኩልም። መውጫው ነፃ ቢሆን ኖሮ ማዕከሉ ባይወጣ እንኳ «ልወጣ ነው» በማለቱ ብቻ ዋጋው ወደ 5,000 ብር ሊወርድለት ይችል ነበር። የመውጫ ክፍያን ፍትሐዊ አይደለም የምለው መጠኑ ስለሚበዛ ብቻ አይደለም። የተሻለ ዋጋ የማግኘትን ዕድል ገና ከመነሻው ስለሚገድል ነው።

አሜሪካ ከ1993 በፊትና በኋላ

በአሜሪካ እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ800 ቀጥለው የሚመጡት ሦስት ቁጥሮች ኩባንያውን ይናገሩ ነበር። የእኛ 09 ወይም 07 የማን ሲም እንደሆነ እንደሚናገረው ማለት ነው። በኤቲ ኤንድ ቲ ቁጥር የታወቀ የአበባ ወይም የሆቴል ድርጅት ወደ ተፎካካሪው ኤምሲአይ ልሂድ ካለ ቁጥሩን ጥሎ ነበር የሚሄደው። በመቶ ሺዎች በሚታተም ካታሎግ ላይ ያለ ቁጥር ማን ይጥላል? ስለዚህ ማንም አይንቀሳቀስም ነበር።

የአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሁሉም ኩባንያዎች ከአንድ የጋራ መዝገብ እንዲጠይቁ አዘዘ። ከግንቦት 1 ቀን 1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 800 ቁጥር የደንበኛው ተከታይ ሆነ። ግን አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ብዙ ድርጅቶች ቀደም ብለው ከኤቲ ኤንድ ቲ ጋር የረጅም ጊዜ ውል ተፈራርመዋል። ቁጥሩ መውጣት ቢችልም ውሉ አያስወጣቸውም። ኮሚሽኑ ይህንንም አይቶት ነበር፤ እነዚያ ደንበኞች ያለ ቅጣት ውላቸውን አፍርሰው የሚወጡበት የ90 ቀን ጊዜ ከፈተላቸው። ምክንያቱ ሲታሰብ ትክክል ነው፤ ሲፈርሙ አማራጭ አልነበራቸውምና አማራጭ ሲመጣ እንደገና የመምረጥ መብት ይገባቸዋል።

ተራው ሰው የሞባይል ቁጥሩን ይዞ ኩባንያ መቀየር የቻለው ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2003 (እ.ኤ.አ.) ነው። ነፃ መስመሮች ቀድመው ነፃ ወጡ። የድርጅት ጉዳት በገንዘብ ስለሚቆጠር አቤቱታው ቶሎ ይሰማል፤ የግለሰብ ጉዳት ግን በሚሊዮኖች ላይ ተበትኖ ስለሚደርስ ጮክ አይልም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ታሪኩ ግን ይኸው ነው።

ጎረቤታችን ኬንያና ሌሎች

ኬንያ በሚያዝያ 2011 (እ.ኤ.አ.) የሞባይል ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየርን ፈቀደች። ኩባንያ የሚቀይር ሰው 200 ሽልንግ እንዲከፍል ተደረገ። ሰዉ እንደተጠበቀው ኩባንያ አልቀየረም። ክፍያው አንዱ ምክንያት ነበር፤ ትልቁ ግን የሳፋሪኮም ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ ነው። ቁጥሩ ከሳፋሪኮም ሲወጣ የኤም-ፔሳ ሂሳቡ አብሮ አይወጣም ነበር። ደመወዙ፣ ቁጠባው፣ የሱቁ ሂሳብ በዚያ ላይ የሚሄድ ሰው 200 ሽልንጉን እንኳ ቢተውለት የት ይሄዳል? በይፋ ያልተጻፈ የመውጫ ክፍያ ከተጻፈው ሊበልጥ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሕንድ በጥር 2011 (እ.ኤ.አ.) በመላ አገሪቱ ስትጀምር ከደንበኛው የሚጠየቀው ከ19 ሩፒ እንዳይበልጥ ወሰነች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ ከደንበኛው ምንም ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ ዝውውሩም ከተስማሙበት ቀን አንስቶ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈጸም ደነገገ። ወጪ ካለ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ ነው ነገሩ። ከሁሉም የምደግፈው ይህን ነው። አዲስ ደንበኛ የሚያገኘው ተቀባዩ ኩባንያ ስለሆነ የዝውውሩን አነስተኛ ወጪ መሸከም ያለበት እሱ ነው።

እኛስ ጋ?

8028፣ 8335፣ 952 ሁሉም ሲከፈቱ አገሪቱ ውስጥ የነበረው አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ብቻ ነው። መውጫ የሚባል ጥያቄ ያኔ ሊነሳ አይችልም ነበር፤ የሚወጣበት ቦታ የለምና። ገበያውን የከፈተው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዚህ አዋጅ ተቋቋመ፤ ቁጥሮችን የመመደብና የማስተዳደር ሥልጣንም ተሰጠው። ይህ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። ቁጥር የአገር ሀብት ነው፤ ኩባንያው ለደንበኞቹ እንዲያድል ይመደብለታል እንጂ ንብረቱ አይሆንም። ንብረቱ ያልሆነውን ነገር ለመልቀቅ ዋጋ መጠየቅ በምን ይጸድቃል?

ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ወደ እሱ የሄደ ሰው ሁሉ አዲስ የ07 ቁጥር ይዞ ነው የጀመረው። ውጤቱን ለማየት በአረካ ዋና መንገድ፣ ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ያሉትን የሱቅ ታፔላዎች ማንበብ ይበቃል። መጀመሪያ በደማቅ ቀለም የተጻፈ 09፣ ከሥሩ በኋላ በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ የተጨመረ 07። ነጋዴው ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ገዝቶ ችግሩን በራሱ ወጪ ፈትቶታል። ቴሌብርም ኤም-ፔሳም ያለው ሰው ሁለቱንም ሲሞች ሕያው አድርጎ ለመቆየት ሁለቱንም ይሞላል።

ነፃ መስመር ግን በሁለት ቀለም አይጻፍም። ገበሬው «ከ09 ከሆነ ይህን፣ ከ07 ከሆነ ያንን ደውል» ቢባል ነገሩ አከተመ። ለዚህ ነው ከሞባይል ቁጥር ዝውውር በፊት የነፃ መስመሮች ጉዳይ ሥርዓት ሊያዝለት ይገባል የምለው። ቁጥራቸው ገና ትንሽ ነው፤ የያዟቸውም ጤናና ግብርናን የመሰሉ የሕዝብ አገልግሎቶች ናቸው። ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በክልላችን አዳዲስ ቢሮዎች ተደራጅተዋል። ነገ የመሬት፣ የጤና መድን፣ የቅሬታ መቀበያ ነፃ መስመር መክፈታቸው አይቀርም። ከዚያ በፊት ሦስት ነገር በደንብ ቢወሰን ይበቃል፦ ለደንበኛው የመውጫ ክፍያ ዜሮ መሆኑ፣ ዝውውሩ የሚያልቅበት ቀን፣ አከራካሪ ሂሳብ ቢኖር እንኳ ቁጥሩ በመያዣነት እንደማይያዝ። ዕዳ በሕግ ይጠየቅ፤ ኩባንያ ያልተከፈለውን ገንዘብ በፍርድ ቤት ማስከፈል ይችላል። ቁጥሩ ቢታገድ ግን የሚቀጣው ባለዕዳው ሳይሆን ደዋዩ ነው።

ውል ከመፈረሙ በፊት

ደንቡ እስኪሟላ ድረስ ውሉ ራሱ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ነፃ መስመር የምትከፍቱ መሥሪያ ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሆስፒታሎች የኩባንያውን ቅጽ እንዳለ ከመፈረም በፊት የውሉን ዘመን፣ የማቋረጫ አንቀጹንና «ልዩ ልዩ ክፍያዎች» የሚለውን ሠንጠረዥ በጽሞና አንብቡ። ቁጥሩ በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቁ፤ መልሱን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ተቀበሉ። የድርጅቱ ስም በማኅተሙ፣ በንግድ ፈቃዱና በቅጹ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አመሳክሩ፤ ኋላ ለማመላለስ ሰበብ የሚሆነው ይህ ነው። በየወሩ የሚመጣውን ደረሰኝ ከቁጥሩ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

ከዚያ ይህን አንቀጽ እንዲጨምሩ ጠይቁ፦ «ደንበኛው አገልግሎት ሰጪውን በሚቀይርበት ጊዜ በዚህ ውል የተሰጠውን ነፃ የጥሪ ቁጥር ይዞ የመዘዋወር መብት አለው። አገልግሎት ሰጪው ለዝውውሩ ከደንበኛው ክፍያ አይጠይቅም፤ ዝውውሩ እስኪጠናቀቅም አገልግሎቱን አያቋርጥም። በሂሳብ ላይ የሚነሳ ክርክር ዝውውሩን አያግድም።»

የሽያጭ ሠራተኛው «ሥርዓቱ ገና አልተዘረጋም» ቢላችሁ አንቀጹ «ሥርዓቱ ከተዘረጋበት ቀን ጀምሮ» የሚል ሐረግ ተጨምሮበት ይግባ። ይህም ካልተፈቀደ የውሉን ዘመን ከአንድ ዓመት አታስበልጡ፤ እምቢታውንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ ቅጂውን ለባለሥልጣኑ ላኩ።